«ሰው እያለ ለድመት?»

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የጋዜጣችሁ የቆየሁ አንባቢ ነኝ። የአንባቢያን ደብዳቤ የሚወጣበትን ገጽ ሳላነብ አላልፍም። አብዛኛው ስለ መብራት፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ ነው። የኔ ግን ስለ ድመት ነው። አትሳቁ። ቦታ ከተረፋችሁ አውጡልኝ።

የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ክረምት እግሯ የተጨፈለቀ የድመት ልጅ አንስቼ አሳከምኩና ቤቴ አስቀመጥኳት። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ሰው መንገድ ላይ እያደረ አንቺ ለድመት ብር ታወጫለሽ?» አንዳንዱ እየሳቀ ነው የሚለው፣ አንዳንዱ የምሩን ተቆጥቶ። አስቤዛ ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ እየወጣሁ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ መስጠት አልሆነልኝም። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልሰው።

ግን መጀመሪያ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሐምሌ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሯል። ከብሎካችን ፊት ለፊት የሚያድር ሚኒባስ አለ። ሹፌሩ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ሞተር ሲያስነሳ ጩኸት ተሰማ፤ ሕፃን የተረገጠ ነው የመሰለኝ። ረዳቱ «አጥፋው! አጥፋው!» እያለ ዘሎ ወረደ። የሚኒባስ ሞተር ያለው ጋቢና ወንበር ሥር አይደል፣ ወንበሩን ገለበጡት። ጥግ ላይ ተወሽቃለች። ግሪስ በግሪስ ሆና ቀለሟ እንኳን አይለይም። የኋላ ግራ እግሯን ቺንጋው፣ ያ የሞተሩ ቀበቶ፣ ይዞት ነበር።

ሹፌሩ ደነገጠ። ትልቅ ሰው ነው፣ ቀኑን ሙሉ በትራፊክና በተሳፋሪ ሲሰደብ የሚውል፣ ግን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «እኔ ምን አውቄ፣ እኔ ምን አውቄ» ይላል። ማን ያውቃል ታዲያ? ማታ የቆመ መኪና ሞተሩ ለሰዓታት ሙቀት ይይዛል፣ ድመት ደግሞ ብርድና ዝናብ ሲበረታባት የሞቀ ቦታ ፈልጋ ትገባለች። ሹፌሮች ይህን ካነበባችሁልኝ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ በክረምትና በጥቅምት ብርድ ጠዋት ቁልፍ ከማዞራችሁ በፊት ኮፈኑን ወይም በሩን በእጃችሁ ደብደብ አድርጉት። ሁለት ሰከንድ ነው። ውስጥ ያለች ድመት ካለች ትወጣለች።

ሹፌሩ የመሪውን ፎጣ ሰጠኝና ጠቀለልኳት። ስጠቀልላት ነከሰችኝ፣ ያውም አጥብቃ። አልፈርድባትም። ከዚያ ፎጣው ውስጥ ሆና ማንኮራፋት ጀመረች፣ ያ ድመት ሲመቻት የምታሰማው ድምፅ። ከታች ያሉት እማማ በመስኮት አይተው «ዳዊት እየደገመች ነው፣ ትድናለች» አሉ። በኋላ ሐኪሟ እንደነገረችኝ ግን ድመት ሲመቻት ብቻ አይደለም እንደዚያ የምትለው። ሲያማትም፣ ስትፈራም፣ ልትሞት ስትልም ታንኮራፋለች። ስለዚህ የተጎዳች ድመት እንደዚያ ካለች «ደህና ናት» ብላችሁ አትተዉአት።

የመጀመሪያው የሄድኩበት የእንስሳት ክሊኒክ «እኛ ከብት ነው የምናክመው» ብሎ መለሰኝ። ተናደድኩ፣ ግን ሳስበው የሚገርም አይደለም። በከብት ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ የሆነች አገር ናት። ቢሾፍቱም ሆነ ጎንደር፣ ሐረማያም ሆነ ጅማ የእንስሳት ሕክምና የሚማር ልጅ ከምንም በፊት በሬ፣ ላም፣ በግና ዶሮ ማከም ነው የሚጠበቅበት፤ የገበሬው ኑሮ እሱ ላይ ነው። ለአህያና ለጋማ ከብት እንኳን በነፃ የሚያክሙ ድርጅቶች አሉ። ድመት የማን ናት? የማንም።

ያስደነገጠኝ ግን ቀጥሎ የገባሁበት የእንስሳት መድኃኒት ቤት ነው። ባለሙያው ድመቷን ቀና ብሎም አላያትም። አውራ ጣት የሚያክል የከብት ኪኒን አወጣና «ይሄን ለአራት ሰባብረሽ ስጫት፣ የሆድ ትሏን ያወጣላታል» አለኝ። ድመቷ ከነግሪሷ አንድ ኪሎ አትሞላም። ኪኒኑ የተሠራው ሦስት መቶ ኪሎ ለሚመዝን በሬ ነው። አመስግኜ ወጣሁ።

በመጨረሻ ያገኘኋት ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ካርቶኑን ሳስቀምጥላት መጀመሪያ ያየችው የድመቷን እግር ሳይሆን የኔን እጅ ነው። «ነክሳሻለች? መቼ? በምን ታጠብሽ?» አለችኝ። ከዚያ ወደ ቧንቧው ወሰደችኝ፤ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ሩብ ሰዓት ሙሉ አሳጠበችኝ። «ሰዓትሽን እያየሽ ነው የምትታጠቢው» ብላ። ከዚያም ጤና ጣቢያ ሄጄ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንድጀምር ላከችኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ይህን በጣም ይንቀዋል። «የእብድ ውሻ» ስለሚባል ከውሻ ብቻ የሚመጣ ይመስለናል። በእርግጥ ሰውን የሚገድለው አብዛኛው ከውሻ የመጣ ነው፣ ግን ድመትም ታስተላልፋለች። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ምልክት ከማሳየቱ በፊት ግን መታጠብና መከተብ ያድናል። ትልልቆቻችን «ፓስተር» ሄደው ሆዳቸው ላይ ስለሚወጉት መርፌ የሚያወሩት እስካሁን ያስፈራናል መሰለኝ፤ ዘመናዊው ግን ክንድ ላይ የሚወጋ ተራ ክትባት ነው። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ የባህል መድኃኒት የሚያምንም ይመን፣ ግን መጀመሪያ ሳሙናና ውሃ፣ ከዚያ ክትባት። የነከሰቻችሁን ድመት ደግሞ አትግደሏት። ለ10 ቀን ዘግታችሁ ጠብቋት። በ10 ቀን ውስጥ ደህና ከሆነች በነከሰቻችሁ ጊዜ በሽታውን የምታስተላልፍ አልነበረችም ማለት ነው። ከገደላችኋት ግን ይህን በቀላሉ የምታውቁበት መንገድ ራሳችሁ ዘጋችሁት። ክትባቱ ግን አሥሩን ቀን አይጠብቅም፣ ወዲያው ነው የሚጀመረው።

ወደ ድመቷ ልመለስ። ሐኪሟ እግሯን በጣቶቿ ዳሰሰችና ራሷን ነቀነቀች። አጥንቱ ተሰባብሯል፣ ቆዳው ተገሽልጧል፣ ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል። «ይሄ የሚጠገን አይደለም፣ ከላይ ይቆረጣል» አለች። በሦስት እግር እንዴት ትኖራለች ስላት ሳቀችብኝ። ድመት ከክብደቷ ከግማሽ በላዩን የምትሸከመው በፊት እግሮቿ ነው፤ የኋላ አንድ እግር ቢጎድልባት፣ በተለይ ልጅ ከሆነች፣ ቶሎ ትለምደዋለች። «ለድመት የሚከብዳት ውፍረት ነው፣ እንዳታወፍሪያት» አለችኝ። ከዚያ በሚዛን መዘነቻት፣ ማደንዘዣው በክብደት ስለሚሰላ፣ ለዚህች ለምታክል ነገር ደግሞ ትንሽ ስህተት ትልቅ ነው። ያን ጊዜ ነው ያ የከብት ኪኒን ትዝ ያለኝና ላብ ያጠመቀኝ።

ተሠራላት። ዳነች። ሹፌሩ ሊጠይቃት መጥቶ «ቺንጋ» ብሎ ስም አወጣላት፣ እኔ ሌላ ስም ይዤላት ነበር ግን ግቢው ሁሉ በእሱ ጠራት፣ ቀረ።

አሁን ወደ ጥያቄው። «ሰው እያለ ለድመት?»

አንደኛ፣ ስንት እንዳወጣሁ ሳትጠይቁኝ ነው የተቆጣችሁኝ። ቀዶ ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ ሁሉም ተደምሮ አንድ ቤተሰብ እሁድ ክትፎ ቤት ገብቶ ከሚከፍለው ብዙም አይርቅም። ክትፎ ቤት የገባን ሰው «ሰው መንገድ ላይ እያደረ?» ብሎ ደረጃ ላይ የሚያስቆመው ሰው እስካሁን አላየሁም። አዲስ መጋረጃ ስሰቅልም ማንም አልጠየቀኝም። ፀጉሬን ስሠራም። ጥያቄው የሚመጣው ድመት ላይ ሲደርስ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ እስኪ የረዱኝን ሰዎች ልቁጠርላችሁ። ሹፌሩ ያን ቀን ሥራውን ትቶ ክሊኒክ አድርሶኛል፣ ሒሳብም አልተቀበለኝም። የግቢው ጥበቃ ቤቴ እስክደርስ በከሰል ምድጃው ውሃ አሙቆ በሃይላንድ ሞላልኝ፣ በጨርቅ ጠቅሎ ካርቶኑ ውስጥ አስገባላት። ደመወዙን ስለማውቅ ነው የምነግራችሁ፣ የሱ ኑሮ ከኔ ኑሮ ጋር አይወዳደርም። ሥጋ ቤቱ ያለው ልጅ ሳንባ በቅናሽ ይሰጠኛል፣ አንዳንዴም «ለቺንጋ ነው?» ብሎ በነፃ። ከነዚህ ሰዎች አንዳቸውም «ሰው እያለ» አላሉኝም። የሚሉኝ እነማን መሰሏችሁ? መኪናቸውን ከታች አቁመው ደረጃ ላይ የሚያናግሩኝ ናቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ተናደድኩ፣ ይቅርታ።

ሦስተኛው ነገር ግን ቀልድ የለውም። መንገድ ላይ ያለች ያልተከተበች ድመት የድመት ጉዳይ ብቻ አይደለችም። የኔና የናንተ ልጆች ናቸው ቆሻሻ መጣያው ጋ እየሄዱ የሚዳብሷት። አንድ ድመት ታክማ፣ ተከትባ፣ መክና በር ላይ ብትቀመጥ የሚጠቀመው ማን ነው? አይጥም አለ እኮ። የኛ ብሎክ ምድር ቤቱ ውስጥ ያለውን የአይጥ መዓት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጤፍ በፌስታል ማስቀመጥ ካቆምን ቆየን።

ሰፈር ሲፈርስ የሚሆነውንም አይታችኋል። ፒያሳም ሆነ ሌላው አሮጌ ሰፈር ሲነሳ ሰው ሶፋውን፣ ምጣዱን፣ ቁም ሳጥኑን ጭኖ ይሄዳል። ድመቷ ግን የመጫኛው ግርግር ሲያስፈራት ጣሪያ ላይ ትወጣለች፣ መኪናው ይሄዳል፣ እሷ ትቀራለች። ከዚያ ወደዚህ የመጡ አንዲት እናት «ድመቴን ጥዬ መጣሁ» ብለው አልቅሰው ነግረውኛል። ሳይታሰብ ነው የሚሆነው። ቤት የምትለቁ ሰዎች፣ ጭነት ከመጀመሩ ከአንድ ቀን በፊት አንድ ክፍል ውስጥ ዝጉባት፣ በካርቶን ወይም በዘንቢል አድርጋችሁ ከራሳችሁ ጋር ውሰዷት፣ አዲሱ ቤት ስትገቡ ደግሞ ሁለት ሦስት ሳምንት ወደ ውጪ አትልቀቋት። አለበለዚያ አሮጌውን ቤት ፍለጋ ትሄዳለች።

ሃይማኖት አንስተው የሚከራከሩኝም አሉ። እዚያ ላይ መልሱን ለእኔ የተዉልኝ የለም፣ ጎረቤቶቼ ራሳቸው ጨርሰውታል። ከታች ያሉት እማማ ግድግዳቸው ላይ ያለውን የአቡዬን ሥዕል አሳዩኝ፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ ግራና ቀኛቸው አንበሳና ነብር። «60 አንበሳና 60 ነብር አብሯቸው ኖሯል፤ አንቺ በአንዲት ድመት ምን አለብሽ» አሉኝ። ፊት ለፊት ያሉት ሙስሊም ጎረቤቴ ደግሞ ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴት በሐዲስ የተነገረውን ነገሩኝ፣ በዚያ ምክንያት እሳት ገባች የተባለችውን። ሁለቱም ቡና ላይ ተስማምተው ወጡ።

በጤና በኩል የሚመጣው ክርክር ግን መልስ ይገባዋል። «የድመት ፀጉር አስም ያመጣል» ይባላል። አለርጂ ያለበት ሰው በእውነት ይታመማል፣ አስም ያለበት ልጅ ቤት ውስጥ ካለ አስቡበት። ግን የሚያስነሳው ፀጉሩ ራሱ ሳይሆን ከምራቋና ከቆዳዋ የሚወጣ ነገር ነው፣ ራሷን ስትልስ ፀጉሯ ላይ ይደርቃል። ነፍሰ ጡር ሴትም መጠንቀቅ አለባት፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሕዋስ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፣ ፅንስ ይጎዳል። ነገር ግን ዓይነ ምድሩ ሰው ላይ ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን መቆየት ስላለበት፣ ሌላ ሰው በየቀኑ ካጸዳው አደጋው በጣም ይቀንሳል። ይኸው ተሕዋስ ደግሞ ባልበሰለ ሥጋም ይመጣል። ይህን የምጽፈው ቁርጥ በየሳምንቱ እየበላች የኔን ድመት ለምትፈራው ጓደኛዬ ነው። ስሟን አልጠራም፣ ራሷን ታውቃለች።

እሺ፣ የተጎዳች ድመት ያገኘ ሰው ምን ያድርግ? ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሟ የነገረችኝንና በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ሙቀት ከምግብ ይቀድማል። የቀዘቀዘች የድመት ልጅ የበላችውን አትፈጭም፣ ብታጎርሷት ትታነቃለች። ካርቶን፣ ጨርቅ፣ የሞቀ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ፣ ጨለም ያለ ጥግ፣ ጸጥታ። ልጆች እየተሰበሰቡ እንዳያዩዋት። ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ ግማሽ ሊትር ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አድርጋችሁ እጠቡት። በረኪና፣ አልኮል፣ ነጭ ጋዝ አታስነኳት። ለቁንጫ ብለው ነጭ ጋዝ የሚቀቡ አሉ፣ ድመት የተቀባችውን ሁሉ ትልሳለች፣ ስለዚህ የቀባችኋትን አበላችኋት ማለት ነው። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒትም እንደዚያው፣ ውስጡ ፐርሜትሪን የሚባል ነገር ካለ ድመትን ይገድላል።

ፓራሲታሞል! ይህን በትልቁ ጻፉልኝ። ጎረቤቴ አዝና ነው ይዛልኝ የመጣችው፣ «ሕመሟን ያስታግስላት» ብላ። አንድ ኪኒን ትልቅ ድመት ይገድላል። ጉበቷ እንደኛ አያብላላውም፣ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ቡኒ ይሆናል። ዲክሎፌናክም አይሆንም፣ አይቡፕሮፌንም አይሆንም። የሰው ማስታገሻ በሙሉ ይቅር።

ወተትም ይቅር። አውቃለሁ፣ «ድመትና ወተት» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። የላም ወተት ግን ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል፣ ለደከመች ትንሽ ድመት ደግሞ ተቅማጥ መጨረሻዋ ነው። ጥርስ ካላት፣ ማለትም ሦስት አራት ሳምንት ካለፋት፣ የላመ ሥጋና ውሃ ይበቃታል። ዓይኗ ገና ያልተገለጠ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ ያኔ ሐኪም ሳታማክሩ አትሞክሩ። ያልተጎዳች ከሆነች ደግሞ ቶሎ አታንሷት። እናቷ ልጆቿን አንድ በአንድ እያመላለሰች ሊሆን ይችላል። ራቅ ብላችሁ ጠብቁ።

ለመጸዳጃ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካንና ሰጋቱራ ይበቃል። እንጨት ቤት ሄዳችሁ ብትጠይቁ በነፃ ይሰጧችኋል። ቺንጋ የመጀመሪያውን ቀን ነው የገባት፣ ማንም አላስተማራትም፣ በሦስት እግሯ እየተንገዳገደች ገብታ ቆፈረች፣ ሚዛኗን ስታ ወደቀች፣ ተነስታ እንደገና ቆፈረች፣ ከዚያ ደግሞ በሌለው እግሯ ለመጫር የፈለገች ይመስል ጉቶዋን ስታንቀሳቅስ ቆየች። እስከ ዛሬ ጆሮዋን በዚያ በኩል ለማከክ ትሞክራለች። ያኔ እኔ አክላታለሁ።

ማምከን ላይ ነው ትልቁ ጭቅጭቅ የተነሳው። ሴት ድመት ከአራት አምስት ወሯ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፣ እርግዝናው ሁለት ወር ያህል ነው፣ በዓመት ሁለቴም ሦስቴም ትወልዳለች። እኔ አንዷን ብቻ ነው ማሳደግ የምችለው። ስለዚህ አመከንኳት። «ኃጢአት ነው፣ ተፈጥሮዋን ከለከልሻት» አሉኝ። እሺ፣ በሬውስ? የኢትዮጵያ ገበሬ በሬውን ሲያኮላሽ ስንት ዘመኑ ነው? በግና ፍየሉን አኮላሽቶ «ሙክት» ብሎ ለፋሲካ ሲያቀርብልን ማን ኃጢአት ነው አለ? ዋጋ ጨምረን አይደል የምንገዛው! እኔ ደግሞ ያየሁት ኃጢአት በየክረምቱ ፌስታል ውስጥ ታስረው ቆሻሻ ገንዳ ላይ የሚጣሉት የድመት ልጆች ናቸው። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን እንኳን እንስሳ ማሰቃየትን በደንብ መተላለፍ ያስቀጣል፣ በዚያ የተቀጣ ሰው ሲወራ ግን ሰምቼ አላውቅም።

የቀረኝ የምግብ ነገር ነው፣ እሱም ጾም ላይ ያስቸግራል። ድመት ሥጋ በል ናት። ሽሮ ፍትፍት የምትበላ ድመት አይተናል፣ ርቧት ነው። ታውሪን የሚባል ነገር ከሥጋ ካላገኘች ቀስ በቀስ ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል። ወጥ ደግሞ ለሷ መርዝ ነው፣ በበርበሬው ሳይሆን በሽንኩርቱና በነጭ ሽንኩርቱ፤ ቀይ የደም ሴሎቿን ይሰባብራል። የኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት የት አለ? ስለዚህ የተረፈ ወጥ በጭራሽ።

ሳንባ ርካሽ ነው፣ ግን ብቻውን በቂ አይደለም። ትንሽ ልብ፣ በሳምንት አንዴ ትንሽ ጉበት፣ የተቀቀለ እንቁላል እየቀላቀልኩ እሰጣታለሁ። የበሰለ የዶሮ አጥንት አልሰጣትም፣ ይሰነጠቃል። እናቴ ከኔ ጋር ነው የምትኖረው። የምትጾም ሴት ናት፣ በጾም ቀን ቤቱ በሳንባ ሽታ ሲታጠን አስቡት። መጀመሪያ አኮረፈች። ከዚያ ራሷ ዕቃ ቤት ገብታ አሮጌ ድስት አወጣችና «ይሄ የሷ የፍስክ ድስት ነው፣ ከኔ ድስት ጋር እንዳይነካካ» ብላ በረንዳ ላይ ለብቻው ሰቀለችው። አሁን ረቡዕና አርብ እኔ ሥራ ስውል የምትቀቅልላት እሷ ናት፣ ፊቷን ወደ ውጪ አዙራ።

ከዝግጅት ክፍሉ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ስለ ኳስ አራት ገጽ ታወጣላችሁ፣ አልቃወምም። በሳምንት ሩብ ገጽ ለአንድ የእንስሳት ሐኪም ስጡ። ሰው ስለ ውሻው፣ ስለ ድመቱ፣ ስለ ዶሮው ይጠይቅ፣ እሱ ይመልስ። የትኛው መድኃኒት ለትንሽ እንስሳ እንደማይሆን፣ ክትባት ስንት ወር ላይ እንደሚጀመር (ድመት የእብድ ውሻ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላት ነው የምትወስደው፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል) ሰው ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ሥር በግምት ከሚሰማ ከሚያውቅ ሰው ያንብብ። ድመትና ውሻ የምታክሙ ሐኪሞችም በራችሁ ላይ ጻፉት እባካችሁ። የተጎዳ እንስሳ ታቅፎ ከክሊኒክ ክሊኒክ መዞር ከባድ ነው።

ዓምዱ ከተጀመረ የመጀመሪያው ጥያቄ የኔ ይሁን። የሰፈራችን ሥጋ ቤት ሁዳዴን ሙሉ ይዘጋል፣ 55 ቀን ነው። ፍሪጄ ትንሽ ናት፣ ያን ሁሉ ሳንባ አትይዝም፣ መብራቱም ይሄዳል። ዓሣ በጾም እንዴት እንደሚወደድ ታውቃላችሁ። በእንቁላል ብቻ ይገፋል ወይ?

አክባሪያችሁ፣
የቺንጋ አሳዳጊ፣ ከጀሞ